ወፍን በአንቱታ ያባረርንበት መኸር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወፍራም ሹራብ ለብሼ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በዚያ ማለዳ ከቤት ስወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ጭኑ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። እኔ ግን ከሹራቡ ሥር የለበስኩት ሸሚዝ ቁልፉ ስለተበጠሰ ማውለቅ አልቻልኩም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ላቤ በጆሮ ግንዴ ይወርድ ነበር።

የተመደብኩት ከከተማዋ ዳር ባለ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ሲሆን ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ማሠልጠን ነበር። ዲኑ አቶ መክብብ ከቢሯቸው በራፍ ላይ ተቀበሉኝ። ዐይናቸው ሹራቤ ላይ ቀረ።

“ያንቀጠቅጥሻል እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ ደህና ነኝ።”

“እንደሱ ነው የሚጀምረው። ወባ ነው። ጤና ጣቢያው ከመናኸሪያው ወዲያ ነው፤ ሂጂና ታዪ።”

አዲስ አለቃ አይከራከሩትም። ሄጄ ደም ሰጠሁ። ነርሷ ውጤቱን ይዛ ወጥታ ወባ እንደሌለብኝ፣ ሹራቡን ባወልቅ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። የሥራ ዘመኔ የመጀመሪያ ቀን በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ጋሼ ዘነበ ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸውን እግር በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉት የቁልፍ ዘለላ ከእሳቸው ቀድሞ ይሰማል። የተቀመጡት ካልተከፈተ የኦሲሎስኮፕ ካርቶን ላይ ነው። ምሳቸውን ያስቀመጡት ደግሞ ካልተከፈተ የፓወር ሰፕላይ ካርቶን ላይ።

“ጋሼ ዘነበ፣ ለሠልጣኞቹ መልቲሜትር ፈልጌ ነበር” አልኳቸው።

“አለ።”

“ስንት ይሰጡኛል?”

“አለ ነው ያልኩሽ። ይሰጣል መቼ አልኩ?”

“ለምን አይሰጥም?”

“አዲስ ነው። ከተነካ ያረጃል።”

ይህንን ሲሉ አልሣቁም። እኔም መሣቅ እንደሌለብኝ ገባኝ።

ስለዚህ መልቲሜትር ከካርቶን ቆርጬ ሠራሁ። የቁጥር ሰሌዳውን በእስክሪብቶ ሣልኩ፣ መርፌውን በክብሪት እንጨት። ሠልጣኞቼ በየተራ የክብሪቱን እንጨት እያዞሩ “አሥራ ሁለት ቮልት፣ ቲቸር” ይሉኝ ነበር። ጀማል የሚባል ከጀውሃ የሚመላለስ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ ቀልደኛ፣ ግን ልቡ ሥራ ላይ። አንድ ቀን የካርቶን መልቲሜትሩን አገላብጦ አየና “ቲቸር፣ የኔው ባትሪ ሳያልቅ አልቀረም” አለ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ደስ አላለኝም። እነዚህ ልጆች ሲመረቁ አንድ ቀጣሪ እውነተኛውን መሣሪያ እጃቸው ላይ ሲያኖር ምን ሊሉ ነው?

የንብረት ክፍሉን በር የከፈተልን ሙቀት ነው። በግንቦት የሮቢት ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። የጋሼ ዘነበ ቬንትሌተር ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ሲሰለቻቸው በእስክሪብቷቸው ጫፍ ክንፉን ገፋ ያደርጉታል፤ ጥቂት ዞሮ ይቆማል።

“ካፓሲተሩ ሞቷል” አልኳቸው። “ቬንትሌተሩን ከቆመበት የሚያስነሣው እሱ ነው። አንዲት ቁራጭ ዕቃ ናት።”

“የት ይገኛል?”

“እርስዎ መጋዘን።”

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቁልፋቸው ሲንሿሿ፣ ካርቶን ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ተመልሰው መጡ።

“አለ” አሉ በሐዘን።

ችግሩ ገብቶኛል። ዕቃ የሚወጣው ጠያቂ ጠይቆ፣ ሰጪ ሲሰጥ ነው። ጠያቂው እሳቸው፣ ከልካዩም እሳቸው። ሁለት ቀን በላብ ተጠምቀው አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ጠያቂ በሚለውም ሰጪ በሚለውም ቦታ ፈርመው ካፓሲተሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው አመጡልኝ። ቀየርኩላቸው። ቬንትሌተሩ ሲዞር ዐይናቸውን ጨፍነው ፊቱ ቆሙ፤ ሸሚዛቸው እንደ ሸራ ተነፋ።

“ይቺን ነገር ስንት ዓመት ነው የጠበቅኳት?” አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። “ምን ምን ነበር የፈለግሽው አንቺ ልጅ?”

“ሁሉንም።”

“እሺ። ነገር ግን ዕቃው ከግቢ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ። የመንግሥት ንብረት ብቻውን መንገድ አይሄድም።”

ያኔ ይህን ሁኔታ እንደ ቀላል ነገር ነው የተቀበልኩት።

በዚያው ሰሞን ለማሠልጠኛው አዲስ ሣጥን መጣ። በውስጡ የመዳፍ ግማሽ የሚያህሉ፣ በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ቦርዶች፣ ልዩ ልዩ ሴንሰሮች፣ አንድ የሶላር ፓኔልና ባትሪ ነበሩ። አቶ መክብብ “አዲስ ቴክኖሎጂ ይሏል ይሄ ነው” ብለው ሣጥኑን መታ መታ አደረጉት። የአጠቃቀም መመሪያው ሙሉ በሙሉ በቻይንኛ ነበር። ጋሼ ዘነበ መመሪያውን ዘቅዝቀው ጭምር አዩት።

ትምህርቱን ከኢንተርኔት መፈለግ ነበረብን። ከተማው ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት አለ። አንድ አጭር ቪዲዮ ለመጫን ረፋዱን ሙሉ ይፈጃል፤ አንድ ሰው ፌስቡክ ከከፈተ ደግሞ የኛው ይቆማል። ሠልጣኞቼ አንድ ኮምፒዩተር ከበው አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስግገው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የቪዲዮው አስተማሪ ቀይ ሽቦ አንሥቶ “እዚህ ላይ ግን በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ...” ሲል ቪዲዮው ቆመ። መብራትም ሄደ።

“ከምንድነው የምንጠነቀቀው?” አልኩ።

“ግልጽ ነው” አለ ጀማል። “እንዳይበጠስ።”

በማግስቱ ቀዩን ሽቦ እንዳይበጠስ ተጠንቅቀን አስገባነው። ቦርዱ ጨሰ። ጋሼ ዘነበ ጭሱን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ ግን ክፍሌ ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን የሚያቀያይር ሠልጣኝ አልነበረም። የተማርነው በጭስ ነውና አይረሳም።

ዘመኑ ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ማሠልጠኛ ሁሉ ለአርሶ አደሩ ቴክኖሎጂ እንዲያሸጋግር የሚጠየቅበት ነበር። በግምገማው ላይ አቶ መክብብ ጠረጴዛውን እያዩ “እኛ እስከ ዛሬ ምን አሸጋገርን?” ብለው ጠየቁ። የእንጨት ሥራ ክፍሉ “ሁለት ወንበር” አለ። የኛ ክፍል ምንም አልነበረውም።

ሠልጣኞቼን ሐሳብ ጠየቅኳቸው። አንዷ በጭብጨባ የሚከፈት በር አለች። ለቅሶ ቤት ማን ያጨበጭባል ብለን ተውነው። ጀማል እጁን አወጣ።

“ግሪሳ” አለ። “ቲቸር፣ ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳው እንደ ደመና ነው የሚወርደው። ሰው ከንጋት እስከ ማታ ማማ ላይ ተሰቅሎ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ይውላል። የወፍ ማባረሪያ እንሥራ።”

ማንም ሌላ ሐሳብ አላነሣም።

ጀማል የእናቱ የገበያ ጓደኛ ወደሆኑት ወደ እትዬ በላይነሽ ወሰደን። ቀወት ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው ማሳቸው። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ማማው ላይ የሚውሉት ብቻቸውን ነበር። ሴትዮዋ አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ወንዝ ይሻገራል።

“ዓምና ወፉ በላ፣ እኔ የተረፈውን ለቀምኩ” አሉን። “ዘንድሮ ቢደገም ሰው ቤት እህል ልለምን ነው። ይሄ መኪናችሁ ይሠራል?”

“መኪና አይደለም እትዬ፤ መሣሪያ ነው” አለ ጀማል።

“ስሙን ተወውና መልስልኝ። ይሠራል?”

“ይሠራል” አልን ሁለታችንም እኩል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሶላሩ ባትሪውን ይሞላል። ሴንሰሩ እንቅስቃሴ ሲያይ ለቦርዱ ይነግራል፤ ቦርዱ የተቀዳ ድምፅ የጡሩንባ ቅርጽ ባለው ድምፅ ማጉያ ይለቃል። የቀረን ድምፁ ነበር። የመኪና ጡሩንባ በስልክ ቀድተን ማሳው ላይ ብናሰማ የአይሱዙ ሾፌር አስፋልቱ ላይ ፍሬን ያዘ እንጂ ወፎቹ ቀና ብለው አይተውን መብላታቸውን ቀጠሉ።

“የእትዬን ድምፅ እንቅዳ” አለ ጀማል። “ወፉ የሚያውቀው እሱን ነው።”

ስልኬን አቀረብኩላቸው። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና እንደ ሙሽራ ዐይናቸውን ሰበሩ።

“እሽ! ሂዱ በሉ” አሉ በለሆሳስ።

“ከፍ አድርገው እትዬ።”

“ወፉ በሌለበት ማን ላይ ልጩኽ? እብድ ልባል?”

በዚህ መሃል ጋሼ ዘነበ፣ በገቡት ቃል መሠረት ንብረቱን አጅበው የመጡት፣ ሶላሩ ጥላ እንዳያገኘው ብለው ፓኔሉን ተሸክመው ማሽላው መሃል ገቡ። አገዳው በእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ እትዬ በላይነሽ ስልኩንም እኛንም ረሱ።

“አንቱ ሰውዬ! ውጡ ከማሽላዬ! አያፍሩም? የድሃ እህል ረግጠው ምን ሊያገኙ ነው? ውጡ ብያለሁ፣ ውጡ!”

ጀማል ስልኩን ዘርግቶ ቀዳው። ከዚያ የተሻለ ድምፅ በኋላም አላገኘንም። አንድ ነገር ብቻ ከንክኖኝ ነበር።

“እትዬ፣ ወፉን በአንቱታ ነው የምናባርረው?”

“ምን ላድርግ? ሽማግሌ ናቸው” አሉ ጋሼ ዘነበን እያመለከቱ። “ጸጉራቸውን አታዪም?”

መሣሪያውን ማማው ላይ ገጠምን፤ ሴንሰሩን ወደ ማሽላው አዞርን። ጋሼ ዘነበም ማማው ላይ ወጡና ከአጠገቡ ተቀመጡ። ውረዱ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። “ቢሰረቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ” አሉ። ዣንጥላና የውሃ ኮዳ ይዘው ነበር።

ያን ሳምንት ያየነውን ብታዩ ታምኑ ነበር። ጠዋት ግሪሳው ይመጣል፤ ገና ማሽላው ላይ ከማረፉ “አንቱ ሰውዬ! ውጡ ከማሽላዬ!” ይላል ማጉያው፤ ደመናው ግልብጥ ብሎ ይነሣል። ወደ ማታም እንደዚያው። እትዬ በላይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራራ ቀን ቤታቸው ሆነው ሽሮ አበጠሩ። ከአጎራባች ማሳ ሰው እየመጣ ያያል። ሮቢት ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮች ሰው ሲጋፋቸው “አንቱ ሰውዬ፣ ውጡ ከማሽላዬ” ማለት ጀመሩ።

አቶ መክብብ ዜናውን ሲሰሙ ኮት ለበሱ። በሮቢት ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ትልቅ ነገር አስቦ ነው። ከዞን እንግዶች ጠሩ።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። የዞኑ ኃላፊ ግዙፍ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አቶ መክብብ ጋሼ ዘነበን ማማው ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ደነገጡ።

“ይሄ ምንድነው? ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ነው ብዬ ሰው ጠርቼ ማማ ላይ ሽማግሌ ላሳይ? ይውረዱና ከሠራተኛው ጋር ይሰለፉ።”

ጋሼ ዘነበ ቅር እያላቸው ወረዱ። ሁላችንም ከማሳው ዳር ባለው ግራር ሥር ቆምን። አቶ መክብብ ንግግር አደረጉ። በንግግሩ መሃል ግሪሳው መጣ።

ወፎቹ ማሽላው ላይ ተዘረገፉ። እኛ ወደ ማጉያው አየን። ማጉያው ዝም። ወፎቹ መልቀም ጀመሩ፤ የመንቁራቸው ድምፅ እንደ ካፊያ ይሰማል። ማጉያው አሁንም ዝም። እትዬ በላይነሽ ወደኔ ዞሩ። የፊታቸውን ሁኔታ እስካሁን አልረሳሁትም።

“ልጄ፣ ምነው ዝም አለ?”

የዞኑ ኃላፊ በደንብ ለማየት ፈልገው ይመስለኛል፣ ወደ ማሳው ሁለት ሦስት እርምጃ ገቡ። ያኔ ማጉያው ነቃ።

“አንቱ ሰውዬ! ውጡ ከማሽላዬ! አያፍሩም? የድሃ እህል ረግጠው ምን ሊያገኙ ነው?”

ሰውዬው ባሉበት ደረቁ። አቶ መክብብ ፊታቸው አመድ መሰለ። “እርስዎን አይደለም ክቡር፣ ወፉን ነው” ብለው ኃላፊውን ለማውጣት ሮጠው ገቡ። ማጉያው እሳቸውንም “ውጡ ብያለሁ፣ ውጡ!” አላቸው። ከማሳው ዳር ያሉት ወፎች ትንሽ ገለል አሉና የእትዬ በላይነሽ ምርጥ ማሽላ ወዳለበት ወደ መሃል ገቡ።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አሸርጠው ዘለሉ። “ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ!” አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም፤ ሁላችንም ገባን። ጀማል ወንጭፍ አነሣ። ጋሼ ዘነበ የቁልፍ ዘለላቸውን ፈትተው እንደ ጸናጽል እያንሿሹ ሮጡ። አቶ መክብብ ኮታቸውን አውልቀው ያራግባሉ። የዞኑ ኃላፊም ቆመው አልቀሩም፤ ገጠር ያደጉ መሆናቸው ያኔ ነው የታወቀው። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ያፏጩት ፉጨት ከማጉያው በላይ ነበር። እትዬ በላይነሽ መሃል ቆመው “አንቱ በዚያ በኩል ይዙሩ! ኮት የያዙት፣ ወደ ላይ!” እያሉ ያዛሉ። ማጉያው ሳያቋርጥ ሁላችንንም ውጡ ይለናል።

ግሪሳው ሲነሣ ሁላችንም መሬት ላይ ተዘርፍጠን ነበር። ኃላፊው ላባቸውን ጠርገው አቶ መክብብን ተመለከቱ።

“ሪፖርቱ ላይ ምን ልትሉ ነው?”

“ምን ልበል ክቡር?” አሉ አቶ መክብብ።

“ወፉ በእንግዶች ንቁ ተሳትፎ ተባረረ በሉ።”

ከሄዱ በኋላ እኔና ጀማል ግራሩ ሥር ሴንሰሩን ፈትተን አየነው። አንድ በአንድ ሞከርነው። ጀማል ከፊቱ ሲያልፍ ይነቃል። እኔ ሳልፍ ይነቃል። ዶሮ ብናሳልፍበት ዝም። ይህ ሴንሰር የሚያየው የሚንቀሳቀስ ሙቀት ነው፤ የሰው ያህል ሙቀት። ለበር መብራት የተሠራ ነው። በቀትር ሰውና አየሩ እኩል ሲግሉማ ሰውንም አያይም። ሃያ ግራም ገደማ የምትመዝን ግሪሳን ከየት አምጥቶ ሊያይ?

“ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ማንን እያየ ነው የጮኸው?” አልኩ።

ጀማል ቀስ ብሎ ወደ ጋሼ ዘነበ ዞረ። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያራገቡ ነበር።

“ጋሼ፣ ማማው ላይ ሆነው ወፉ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?”

“ምን አደርጋለሁ? እንዳያመልጠኝ ወደ ፊት ሰገግ ብዬ አያለሁ” አሉ።

ወፉ ሲመጣ ጋሼ ዘነበ ይሰግጋሉ፤ ሴንሰሩ ጋሼ ዘነበን ያያል፤ ማጉያው ጋሼ ዘነበን ይሰድባል፤ ወፉ ደንግጦ ይሄዳል። መሣሪያችን ሳምንቱን ሙሉ ሲያባርር የነበረው ገና ሲቀዳ የተሰደቡትን ሰው ነው። ጋሼ ዘነበ ይህን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

“በአንቱታ መሆኑ ጥሩ ነው” አሉ።

ለእትዬ በላይነሽ ይሠራል ብለናል። አዲስ ሴንሰር ደግሞ በአንድ ቀን አይመጣም። ስለዚህ ሠልጣኞቼ በአምስት በአምስት ተከፋፍለው እስከ አጨዳ ድረስ ማማውን በተራ ያዙ። አንድ ለአምስት ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ቦርዱን ዳግም ጽፈነው ሴንሰሩን ትተን ባልተወሰነ ጊዜ፣ አንዴ ቶሎ አንዴ ቆይቶ እንዲጮኽ አደረግነው። ወፉ በከፊል ይፈራዋል፤ ወንጭፉ ግን አልቀረም። እትዬ በላይነሽ ማሽላቸውን አጨዱ። የተበላ አለ፤ ቤታቸው የገባው ግን ከዓመት ዓመት የሚያደርስ ነበር።

መሣሪያውን ግን እትዬ በላይነሽ ከነሴንሰሩ አልሰጥም አሉ። ጓሮ ካለው በቆሏቸው አጠገብ አስገጠሙት። ጦጣ ይመጣባቸው ነበርና። ለጦጣ እንከን የለውም። ጋሼ ዘነበ መሣሪያው ከግቢ ወጥቶ እንዲቀር ሦስት ቀን ወስዶባቸው ፈቀዱ። በየሳምንቱ ግን ሄደው ያዩታል፤ ሲቃረቡ እንደ ጦጣው ይሰደባሉ፤ ቁጭ ብለው ጠላ ይጠጣሉ።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አሠልጥኛለሁ። ቦርዱ ተሻሽሏል፤ ኢንተርኔቱም ይሻላል። እናንተ ዛሬ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ያኔ ያልነበረንን ሁሉ ስልካችሁ ውስጥ ይዛችኋል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሠራችሁት መሣሪያ ሲሠራ ካያችሁ፣ በአጠገቡ ያለውን ሰው ሁሉ አርቁና እንደገና ሞክሩት።